ለበረዶ ልጆች እናት

ዳንግላ፣ ሐምሌ 2011 ዓ.ም.

ውድ ፍቅርአዲስ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው። እኔም «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ልል ብዕሬን አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ጤናሽ ነውና እንደ ሰላምታ ጣል አድርጌው ላልፍ አልቻልኩም። ስለዚህ እንዳመጣልኝ እጽፋለሁ። አንቺም ቅር የሚልሽን እየዘለልሽ፣ በሚያስቀው እየሳቅሽ አንብቢው፤ ብቻ መሃል ላይ አትተዪው።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ላውጣ፤ አለዚያ ያንቀኛል። ያንን ሰፊ ቀሚስ የሰፋሁልሽ ልጄን ደረቴ ላይ አስሬ ነው። አንገትጌውን በአረንጓዴና በቢጫ ክር ጠለፍኩት። ከውስጥ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በትንንሽ ፊደል «አትቀየሚኝ» የሚል አስገባሁበት። ከእናትሽ ቤት እንደዚያ ከወጣሁ ወዲህ ይቅርታ የምጠይቅበት ሌላ መንገድ አላገኘሁም ነበር። አንቺ ግን ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥተሽ ደወልሽና «ቀሚሱ ልክክ ብሎልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንገትጌው ላይ ያለው ጥቁር ጥቁር ነገር ግን ምንድን ነው? እድፍ ነው እንዴ?» አልሽኝ። የዳንግላ ሙሽሮች ወረፋ የሚጠብቁለትን ጥልፌን እድፍ አልሽው። ስልኩ ሲቋረጥ ኔትወርኩ መስሎሽ ይሆናል፤ እኔው ነኝ የዘጋሁብሽ። ከዚያ ወዲህ ኩርፊያዬን ታቅፌ ተቀምጬ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከወንድምሽ ከዓባይነህ መልእክት ደረሰኝ። «ፍቅርአዲስ ደህና ናት። ራሷን ትንሽ አሟታል እንጂ። እናታችን ዳማከሴ እያሸተተቻት ነው። በጣም ወፍራለች፣ ፊቷ ሞልቷል፣ ብታያት አታውቂያትም። ለናርዶስ ጻፍልኝ ብላኝ ነው» ይላል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ለእኔ አንዲት መስመር መጻፍ አቅቷት በወንድሟ ታስጽፋለች ወይ አልኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን «ፊቷ ሞልቷል» የሚለው ላይ ስደርስ የያዝኩትን ጨርቅ ጥዬ ከስፌት መኪናው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ዓባይነህ የጻፈው ለምሥራች ነው። በስምንተኛ ወር ላይ ፊት መሙላት ምን ሊሆን እንደሚችል እሱ ከየት ያውቃል? እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ያየሁትን ከመንገሬ በፊት ግን ወደዚያ አዲስ አበባ ወዳለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ልመልስሽ። እኔ ከዳንግላ፣ አንቺ ከእንጅባራ፣ ሁለታችንም «ዘመድ ጥየቃ» ብለን ከቤታችን የወጣን፣ ሁለታችንም «መካን» የሚል ስም የወጣልን ሴቶች ነበርን። አንቺ ስልክሽን ጆሮሽ ላይ ለጥፈሽ ባልሽን «ደሴ፣ ድንቹን አስቆፈርኸው?» ስትይው ሰማሁ። «የአዊ ድንች እዚህ ድረስ ተከተለን?» አልኩሽ። ሐኪም ቤት መሆናችንን ረስተሽ ሳቅሽ። ያን ቀን ነው የተዋወቅነው፤ በሳምንቱ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ማደር ጀመርን።

ያችን ክፍል አልረሳትም። የሆድ መርፌያችንን አንዳችን ለአንዳችን እንወጋ ነበር። ቀኑ አልገፋ ሲለን እኔ እጠልፋለሁ፣ አንቺ መርፌዬ ላይ ክር ታስገቢልኛለሽ። የእኔ ዓይን ድሮም ደካማ ነው። «አንች፣ ዓይንሽን ለማን ሸጥሽው?» እያልሽ፣ መብራት ጠፍቶ እንኳ በዚያች ጠባብ መስኮት ብርሃን አንዴ ነው የምትሰኪው። እህት አልነበረኝም፤ በዚያ ሰሞን እህት ምን እንደሆነች አወቅሁ።

ከዚያ መንገዳችን ተለያየ። የእኔ ፅንሶች በሐኪሞቹ ብልቃጥ እንደተዘጋጁ በዚያው ሰሞን፣ በጥቅምት፣ ሁለቱም ማህፀኔ ገቡ። አንቺን ግን መድኃኒቱ ከልክ በላይ ሠራብሽና ሆድሽ ተነፋ። ዶክተሯ «አሁን ብናስገባቸው ላንቺው አደጋ ነው፤ ፅንሶቹን አቀዝቅዘን እናቆያቸው» ስትልሽ እንባሽ ወረደ። «ልጆቼን በረዶ ውስጥ ጥዬ ልሄድ ነው?» አልሽኝ። እኔም «የእንጅባራን ብርድ ለሚያድጉበት ልጆች በረዶ ምናቸው ነው፤ ከአሁኑ ይልመዱት» አልኩሽ። እያለቀስሽ ሳቅሽ። የእኔዎቹን «ትኩሶቹ»፣ የአንቺዎቹን «የበረዶ ልጆች» ያልናቸው ከዚያ ወዲህ ነው። በታኅሣሥ የአንቺዎቹም ከበረዶው ወጥተው ገቡ።

በጥር መጨረሻ ሁለታችንንም በአንድ ክፍል አስቀምጣ የነገረችንን ታስታውሻለሽ? አንቺም እንደ እኔ መንታ መያዝሽ የታወቀ ዕለት ነው። «ናርዶስ፣ እንዳንቺ በትኩሱ የተረገዙት ቀደም ብለው የመምጣት፣ አነስ የማለት ነገር ሊኖራቸው ይችላል፤ መንታ ሲሆን ደግሞ ይብሳል» አለች። ወደ አንቺ ዞረችና «ከቅዝቃዜ የሚወጡት ብዙ ጊዜ ኪሎ ይይዛሉ። የእናትየዋ የደም ግፊት ግን ከፍ ሊል ይችላል። በየጊዜው ተለኪ። ካበጥሽ፣ ራስሽን ካመመሽ አትዋዪ አትደሪ፣ ሂጂ» አለችሽ። ሌላም ምልክት ቆጥራለች፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ጆሮዬ ተዘግቶ ነበር። የሰማሁት የእኔ ትንንሽ፣ የአንቺ ትልልቅ መባሉን ብቻ ነው። እውነቱን ልንገርሽና ቀናሁብሽ። አንቺም ያው ነሽ፤ ከክፍሉ ስንወጣ «ኪሎ ይይዛሉ አለች» እያልሽ መንገዱን ጨረስሽው። ግማሹን ይዘን ወጣን፤ የቀረው ግማሽ እዚያው ከዶክተሯ ጋር ቀረ።

በዚያው ቀን ቃል ተገባባን። አንቺ ሴት ከወለድሽ ክርስትና የማነሳልሽ እኔ፣ እኔ ሴት ከወለድኩ ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ። አበልጅ ሆነን ልናረጅ።

የእኔን ታውቂዋለሽ። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ወሬ እያወራሁ ቆሜ ሳለሁ የእንሽርት ውኃዬ ፈሰሰ። ባሌ አየነው ተሳፋሪዎቹን ጣቢያ ላይ አውርዶ በዚያችው ሚኒባስ ባሕር ዳር አደረሰኝ። ዶክተሯ እንዳለችው ቀደም ብለው፣ አነስ ብለው መጡ። ሴቷ ምህረቴ አለችልኝ። ወንዱ ጥቂት ቀን ታግሎ ሄደ። አርባው ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳይነሳ። እኔ በልቤ ውዱ ብዬዋለሁ፤ ከአንቺ በቀር ይህን ስም የሚያውቅ የለም።

አሁን ያላወቅሽውን ልንገርሽ። ስልክ ላይ ያልነገርኩሽ እንዳላስፈራሽ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ፍሪ ብዬ ነው የምነግርሽ። ከእኔ አጠገብ ባለው አልጋ አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት ነበረች። እሷም መንታ ነው ያረገዘችው። እኔ ስገባ እሷ ራሷን አታውቅም ነበር፤ ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ተደፍነዋል። እናቷ ከራስጌዋ ቁጭ ብለው ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «እኔ እኮ አማረባት ብዬ።» እግሯ ሲያብጥ ደስ አላቸው። ፊቷ ሲሞላ ጎረቤት ጠርተው አሳዩዋት። ራሷን ሲያማት ዳማከሴ አሿት። ከዚያ ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ አልለይ አለች፤ እሱንም ድካም ነው ብለው ተዉት። በማግስቱ ወድቃ ተንፈራገጠች። ሰውም መንፈስ ነው ብሎ ወደ ጠበል ወሰዳት። ጠበሉን አልወቅስም፤ ካህኑ ራሳቸው ናቸው አይተው «ሐኪም ቤት አድርሷት» ያሉት። መንገዱ ግን ረጅም ነበር።

ልጆቿ ተርፈዋል። ትልልቅ፣ ደማቅ፣ የሚጮኹ ልጆች ናቸው። ከምህረቴ ጎን አስተኟቸው። ነርሷ «የማን ናቸው?» ተብላ ስትጠየቅ ባዶውን አልጋ አመለከተች፤ እናታቸው በዚያው ሌሊት አርፋ ነበር። የእኔ ወተት ደግሞ ለሁለት የመጣ ነበርና የውዱን ድርሻ ለእነሱ አጠባሁ። ሲጠቡ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩኛል። እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ ባላይ እወዳለሁ፤ በአንቺ ልጆች ደግሞ ከማይ ሞቴን እመርጣለሁ።

ሰኔ ላይ እናትሽ ቤት የመጣሁት ለዚህ ነው እንጂ አራስ ሆኜ ጭቃ ናፍቆኝ አይደለም። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳል ተብሎ ከእንጅባራ እንደወሰዱሽ ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ምህረቴን ደረቴ ላይ አስሬ፣ እስከ ግምጃ ቤት ከተማ በአየነው መኪና፣ ከዚያ ጋሪ እስከሚሄድበት በጋሪ፣ ከዚያ ወንዙን በእግሬ ተሻግሬ መጣሁ። እናትሽ እትዬ እታለማሁ እስከ አጥሩ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። ጓዳውን ለአራስነትሽ ለቅልቀው፣ ቅቤውን አንጥረው፣ በጉን አስረው ነው ያገኘኋቸው። ይህን ሁሉ ዓመት «ልጅሽ ምነው?» የሚላቸውን ሰው አንገታቸውን ደፍተው ያለፉ እናት ናቸው። ስቀው ሲያስገቡኝ አፌን ለመክፈት ፈራሁ።

አንቺ መደቡ ላይ በጋቢ ተጠቅልለሽ ተቀምጠሻል። እግርሽን ገልጬ ቅልጥምሽን በጣቴ ተጫንኩት። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። አየሁት፣ አንቺም አየሽው።

«ፍቅሬ፣ ይህ ውፍረት አይደለም፤ እብጠት ነው። ግፊትሽን ተለክተሻል?» አልኩሽ።

እናትሽ ናቸው የመለሱልኝ። «አንች ልጅ፣ ልጀ ላይ አታሟርችብኝ። ስምንት ወልጃለሁ። እርጉዝ ካላበጠች ምኑን አረገዘችው?»

«እትዬ፣ ጤና ጣቢያ ለአንድ ሰዓት ብቻ ትሂድና—»

«ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሁለት መሆናቸውን በሰማች ማግስት ገበያው ሁሉ ይሰማል። ሁለት ሆኖ ከሰው ዓይን የተረፈ ማን አለ?»

ይህን ሲሉ ምህረቴ ደረቴ ውስጥ ሆና አለቀሰች። ነጠላዬን ገለጥ አድርገው አዩዋት። ያን ጊዜ ገና ጫጩት ታህል ነበር። ፊታቸው ተለወጠ። «ይህን ለእርጉዝ ታሳያለሽ? ሰማንያሽ ሳይሞላ? አንዱን አፈር አልብሰሽ የመጣሽ አይደለሽም?» አሉኝ። ወደ አንቺ ዞረው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩሽ። አንቺ ዓይንሽን ወደ መሬት ሰበርሽ፤ እኔም ትርጉሙን አልጠየቅሁሽም።

ቂም አልያዝኩባቸውም። ስወጣ ተከትለውኝ መጥተው፣ ልጄን እንትፍ እንትፍ ብለው «እደጊ» ብለው መርቀዋታል፤ ለመንገዴም እርጎ አስይዘውኛል። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ ነበር። እሳቸው አንቺን እየጠበቁሽ ነው። አንቺን የሚጠብቁበት መንገድ ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

አንቺንም አልፈርድብሽም። ልጆቹ ከጠበል እንጂ ከሐኪም እጅ አልመጡም ብለሽ ለእናትሽ ነግረሻቸዋል። እኔም ለአማቴ ያው ነው ያልኩት። ነገር ግን ስለ በረዶው ሳትነግሪያቸው ስለ ግፊቱ መንገር አትችይም። «ዶክተሯ ብላለች» ብትይ «የትኛዋ ዶክተር?» ይመጣል። አንዷን ውሸት ለመጠበቅ ስትይ የቀረውን ሁሉ ዋጥሽው።

ለደሴም ደውዬለት ነበር። «ናርዶስ፣ አንች ስለደነገጥሽ አገሩ ሁሉ ይደንግጥ እንዴ? እናቷ ቤት እኮ ናት። ከእናቷ በላይ ማን ያውቅላታል?» አለኝ። ደሴ ደግ ሰው ነው፤ ጅብ ቢመጣበት በዱላ ይገጥማል። አማቱ ፊት ግን ቀና ብሎ ውኃ እንኳ አይጠይቅም። ሚስቴን ልውሰድ ብሎ እንዲነሳ ከእሱ አትጠብቂ።

ስለዚህ እንዲህ አድርገናል። ቅዳሜ አየነው ገበያተኛ ይዞ ግምጃ ቤት ይመጣል። ይህን ደብዳቤ በሚያውቀው ጋሪ ነጂ ዛሬውኑ ይልክልሻል። አንቺ ለእናትሽ «ደሴ ለአንድ ቀን ፈልጎኛል» በያቸው። ዓባይነህ በበቅሎ እስከ ጋሪው ያድርስሽ። አየነው እንጅባራ ሆስፒታል ያደርስሻል፤ ግፊትሽን ትለኪያለሽ፤ ደህና ከሆንሽ ማታውን ትመለሻለሽ። ተሳስቼ ከሆነ ዕድሜ ልክሽን ስቀሽብኝ ኑሪ። «ሟርተኛዋ ናርዶስ» ብለሽ ለልጆችሽ ንገሪያቸው። እኔም ከጎንሽ ቁጭ ብዬ አብሬ እስቃለሁ። መሳሳትን እንደዚህ የለመንኩበት ጊዜ የለም።

ምህረቴ ሰማንያዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጫጩትነቷ ቀርቷል፤ ጉንጭ አውጥታለች፤ ስታኮርፍ አንቺን ትመስላለች፤ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ቄሱ «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» ሲሉኝ ያንቺን ስም ሰጥቻለሁ። ለሌላ ሴት አልሰጥም። አንቺ ባትመጪ ልጄን ታቅፌ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እመለሳለሁ። ይህን ስጽፍ እንባዬ ወረቀቱን አበላሸው፤ ይህንንም እድፍ በዪው።

እወድሻለሁ። በአፌ ብዬሽ አላውቅም፤ የእኛ አገር ሰው እንዲህ አይባባልም። አንድ ልጄን ቀብሬአለሁ፤ አንቺን ደግሞ አልችልም። ቅዳሜ ነይልኝ።

እድፍ ጠላፊዋ፣
ናርዶስ

ፍቅሬ፣ ደግሞ ሌላ ወረቀት አነሳሁ። ደብዳቤውን ላጥፈው ስል የተሳሳትኩት ፊደል እንዳለ ብዬ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። «ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ አልለይ አለች» ብዬ በገዛ እጄ የጻፍኩት ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ።

ክሩ አረንጓዴና ቢጫ ነው፤ ጥቁር አይደለም። ያውም በቀን፣ ጉብታው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆመሽ ነው የደወልሽልኝ። በመስኮት ብርሃን መርፌ የምትሰኪው አንቺ ነሽ ጥልፉን እድፍ ያልሽው። «አትቀየሚኝ» የሚለውን ሳታነሺ የቀረሽው ቂም ይዘሽ መስሎኝ ነበር። በዓባይነህ ያስጻፍሽው ንቀሽኝ መስሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ አኩርፌ ስልክ ዘጋሁብሽ። አልናቅሽኝም። ፊደሉ አልታየሽም።

ዶክተሯ ያን ዕለት የቆጠረችው ሌላው ምልክት ምን እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። ዓይን ነው።

ቅዳሜን አንጠብቅም። አየነው ተሳፋሪዎቹን አስወርዷል፤ መኪናው በር ላይ ሞተሩ እየሠራ ነው። ጋሪ ነጂም አንልክም፤ ደብዳቤውን አየነው ራሱ ወንዙን ተሻግሮ ያመጣል። ወንድ ነውና ሴት ጓዳ ገብቶ ስለ እብጠት ሊያወራ አይችልም፤ ወረቀቱ ያውራለት። እኔ ምህረቴን አስሬ ከወንዙ ወዲህ፣ መኪናው አጠገብ እቆማለሁ። የእትዬን ደጅ አልረግጥም።

ይህችን ወረቀት ከሌሎቹ ሁሉ በላይ አድርጌ ነው የማስቀምጣት፤ መጀመሪያ የምትነበበው እሷ እንድትሆን።

ዓባይነህ፣ ይህን ለእህትህ የምታነብላት አንተ መሆንህ አሁን ገብቶኛል። ለእናትህ እንዲህ በላቸው። ሁለቱም ልጆች ከሐኪም እጅ ነው የመጡት፣ ሐኪሟም ይህ እብጠትና ይህ የዓይን መደብዘዝ እናቲቱን እንደሚገድል ነግራናለች። ይቆጡ፤ እኔን ይርገሙኝ፤ በኋላ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን ግን ጎረቤት ጥራ፣ የቀርቀሃውን ቃሬዛ አውጡ፣ በግራ ጎኗ አስተኝታችሁ ተሸከሟት። በበቅሎ እንዳታስቀምጧት። ወንዙ ከመሙላቱ በፊት ተሻገሩ።

ከዚህ በታች ያሉትን ገጾች አትግለጣቸው። እጠፋቸውና ቀሚሷ ውስጥ፣ «አትቀየሚኝ» የሚለው ጥልፍ አጠገብ አስገባቸው። ቀሪውን መንገድ ላይ እኔ አነብላታለሁ።